በቪክቶሪያ ግዛት መንጃ ፈቃድ በደረጃ የሚሰጠው እንዴት ነው?

ሜልቦርን ካለ ልጃቸው ጋር በስልክ የሚነጋገሩ የአዳማ ወላጆችን ግር የሚያሰኛቸው፣ «መንጃ ፈቃድ አወጣሁ» ያለው ልጅ ጓደኞቼን ሰብስቤ መጫን አልችልም ማለቱ ነው። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ሙሉ ፈቃድ የሚገኘው በደረጃ ነው። የተለማማጅ ፈቃድ ከ16 ዓመት ጀምሮ ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ ተለማማጁ ሙሉ ፈቃድ ያለው ሰው ከጎኑ ሳይቀመጥ መንዳት አይችልም፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ከሆነም ቢያንስ 20ው በሌሊት የተነዳ የ120 ሰዓት ልምምድ መዝግቦ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ከባዱ ይህ ነው፤ ጊዜውን የሚሰጥ ዘመድ ከሌለ ሰዓቱ በቀላሉ አይሞላም።

18 ዓመት ሞልቶት የመንገድ ላይ ፈተናውን ያለፈ ወጣት፣ በቀይ መደብ ላይ ነጭ «ፒ» የተጻፈበትን ምልክት በመኪናው ፊትና ኋላ ለጥፎ ለ1 ዓመት ብቻውን ይነዳል፤ ወንድምና እህቱን ሳይጨምር፣ ዕድሜው ከ16 እስከ 21 የሆነ ተሳፋሪ ግን ከአንድ በላይ አይጭንም። ቀጥሎ ለ3 ዓመት አረንጓዴውን ይለጥፋል። በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ አልኮል ጨርሶ ክልክል ነው። ከአዳማ ያለ መንጃ ፈቃድ ሄዶ ፈቃዱን 21 ዓመት ከሞላው በኋላ የሚያወጣ ሰው ግን ቀዩን ዘልሎ በአረንጓዴው ይጀምራል።