ከእግር ወደ ላይ፦ ስለ ሴቶች የአዘቦት አለባበስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ሴቶች አለባበስ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው መሀል ከተማን ያሰበ ነው። ከመኪና ወርዳ ቢሮ የምትገባ፣ ከቢሮ ወጥታ ካፌ የምትቀመጥ ሴትን ነው የሚያስበው። ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከየካ አባዶ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከጀሞ ወይም ከአያት ጫፍ በጠዋት የምትወጣ ሴት ግን ውሎዋ ሌላ ነው። ገና ታክሲ ተራ ሳትደርስ ጭቃና ኮረት ትረግጣለች። ሰልፍ ትቆማለች። ጠዋት ብርድ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ፣ ማታ ስትመለስ ዝናብ ያገኛታል።

ለእሷ ልብስ መምረጥ ከጫማ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። መንገዱ ጫማውን ይወስናል። ጫማው ደግሞ የሱሪውንና የቀሚሱን ርዝመት ይወስናል። ቦርሳና ጌጥ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። በየሰፈራችን የሚባሉትን ነገሮችም በዚሁ ቅደም ተከተል ላንሳቸው።

«ዳር ከተማ እየኖሩ መዘነጥ አይቻልም»

በክረምት ጠዋት ታክሲ ተራ ላይ ልብ ብላችሁ እዩ። ቦት ጫማ ወይም ኮንጎ ጫማ አድርጋ፣ የቢሮ ጫማዋን በፌስታል ቋጥራ የምትሄድ ሴት አታጡም። አንዳንዱ ሰው ይህን የድህነት ምልክት ያደርገዋል። በጣም ተሳስቷል። መንገዷን የምታውቅ፣ ለንብረቷም ለመልኳም የምትጠነቀቅ ሴት ናት። ሁለት ጫማ ይዞ መውጣት ከቤቷ ደጃፍ አስፋልት ለሌላት ሴት ትክክለኛው ዘዴ ነው።

እኔ የምጨምረው ከረጢቱን ብቻ ነው። ንጹሑን ጫማ አፉ በገመድ በሚሳብ የጨርቅ ከረጢት ያዙት፤ ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ይሠራዋል። ጭቃ የነካውን ደግሞ ስታወልቁ በፌስታል ቋጥሩትና ቢሮ ስትደርሱ አውጥታችሁ አናፍሱት። እስከ ማታ ታፍኖ ከዋለ ይሸታል፣ ማስቲሹም ይላቀቃል።

የልብሱን ጫፍም አስቡበት። መሬት የሚጠርግ ቀሚስና ሰፊ ሱሪ አሁን ፋሽን ነው፣ ያምራልም። በጭቃ ወቅት ግን ጫፉ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ቢል ልብሱም ይተርፋል፣ ጫማውም ይታያል።

«ታኮ ያለው ጫማ እግር ይጎዳል፣ ፍላት ጫማ ግን ሁሌም ጤና ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ረጅም ታኮ የሰውነትን ክብደት ወደ ፊት ገፍቶ በእግር ጣቶች ሥር ያሳርፈዋል። ለዓመታት በየቀኑ ሲደረግ የባት ጡንቻ እያጠረ፣ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማትም እየደነደነ ይሄዳል። ነገር ግን ሶሉ እንደ ወረቀት የሳሳ ፍላት ጫማም ለረጅም መንገድ አይሆንም። ተረከዝ ድንጋይ በነካ ቁጥር ምቱ በቀጥታ ወደ እግር ይገባል። የውስጥ እግር ቅስትም ድጋፍ አያገኝም። ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ተረከዛቸውን የሚወጋቸው ሴቶች ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በታኮ ያሳብባሉ። አዘውትረው የሚያደርጉት ግን ሳስቶ ያለቀ ፍላት ጫማ ሊሆን ይችላል።

ለእግረኛ የሚስማማው መካከለኛው ነው። ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ መቀመጫው ሰፋ ያለ ታኮ፣ ወፈር ያለ ሶል፣ ከተቻለም ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር። ኮብልስቶን ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በየሰፈሩ ተነጥፎ ከጭቃ ገላግሎናል። ቀጭን ታኮ ግን በድንጋዮቹ መሀል ይሰነቀራል። ሰፊው ታኮ እዚያ ላይ ያለ ስጋት ይራመዳል፣ ለቢሮም ለምርቃትም ያምራል።

«ትንሽ ቢጠብም ሲለበስ ይሰፋል»

ይህን የሚነግራችሁ ሻጩ ነው። እውነተኛ ቆዳ በጎን በኩል ትንሽ ይለቃል። በርዝመት ግን አይጨምርም። ሲንቴቲክ ደግሞ በጎንም እምብዛም አይሰጥም። ጣታችሁ ጫፉን ከነካ ጫማው የእናንተ አይደለም።

እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆምና ሲሄድ ያብጣል። ስለዚህ ጫማ የሚለካው ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ነው። ከሥራ ስትመለሱ መገናኛ ወይም ሳሪስ ላይ ወርዳችሁ የምትለኩት ጫማ፣ በጠዋት ከምትለኩት ይልቅ እውነቱን ይነግራችኋል። ሁለቱንም እግር ለኩ፤ የብዙ ሰው አንድ እግር ከሌላው ይበልጣል። ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ቁጥሩን ብቻ አትመኑ፣ የአንዱ ፋብሪካ 38 የሌላው 39 ነውና።

«ክት ጫማ ካልተለበሰ አያረጅም»

ብዙ ገንዘብ የሚያስከስረን ይህኛው ነው። እናቶቻችን ያስተማሩን ጥሩ ነገር ነው፦ ጥሩውን ለበዓልና ለሠርግ አስቀምጪ፣ የአዘቦቱን በየቀኑ አድርጊ። ይህ የሚሠራው ግን ቆዳ በቆዳ ለነበረው፣ ወይም የጎማ ሶል ላለው ጫማ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ብዙ ቀላልና ለስላሳ ሶል የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ይህ ነገር ከአየር ውስጥ እርጥበት እየሳበ ከውስጥ ይፈራርሳል። ሳይረገጥ፣ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ያረጃል።

ውጤቱን ያያችሁ ትኖራላችሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ሠርግ የተደረገ ጫማ ከካርቶኑ ይወጣል። ላዩ አዲስ ነው፣ አንድ ጭረት የለበትም። ድግሱ ግቢ ሳይደርሱ ሶሉ እየተቆረሰ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰው ወዲያው «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ይላል። ጫማው ኦሪጅናልም ሊሆን ይችላል። የታወቁ ብራንዶች ስኒከሮችም በዚሁ ምክንያት ይፈርሳሉ። በዚህ ምክንያት ነው በሰልባጅ የሚገዛ ጫማ ላይ የበለጠ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው። ላዩ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ አትውሰዱት። ሶሉን በጥፍር ጫን አድርጉ፣ ጫማውን እጠፉት። የሚጣበቅ ወይም ስንጥቅ የሚያሳይ ከሆነ ዕድሜው አልቋል።

ቦርሳም እንዲሁ ነው። ቆዳ መሳይ ቦርሳ በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ከተሰቀለ፣ እርጥበቱ ታፍኖ ላዩ መላጥ ይጀምራል። በጨርቅ ሸፍኑት፣ አየር ያግኝ።

እንግዲህ ጫማችሁን አድርጉት። ለሠርግ የተገዛው ጥሩ ጫማ እሁድ እሁድም ይውጣ፣ አርብ ቢሮም ይሂድ። ለዘመናት ማቆየት የምትፈልጉት ከሆነ ሲገዛ ላዩ ቆዳ፣ ሶሉ ጎማ ይሁን። ላዩ ደህና ሆኖ ሶሉ ብቻ ከፈረሰ ደግሞ አትጣሉት፣ ጎበዝ ጫማ ሰፊ አዲስ ሶል ይገጥምለታል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ላንሳ። የረጠበን የቆዳ ጫማ ከከሰል ምድጃ አጠገብ ወይም ቀጥታ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ጋዜጣው ሲርስ ቀይሩለት።

«የሀገር ውስጥ ጫማ አይበረክትም»

ይህ አነጋገር ታሪክ አለው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው በመርካቶ ዙሪያ ያሉ ጫማ ሠሪዎች ክፉኛ ተጎድተው ነበር። ብዙዎቹ ግን ዲዛይናቸውንና ጥራታቸውን አሻሽለው ገበያውን መልሰው ያዙ። የደጋው የኢትዮጵያ በግ ቆዳ ደግሞ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ በዓለም ላይ ለጓንት ሥራ የሚፈለግ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት በ1997 ዓ.ም. ዘነበወርቅ ሰፈር ስትመሠርት መነሻዋ በረባሶ ነበር፤ ከመኪና ጎማ የሚሠራውን የሀገራችንን ጫማ ይዛ ውጭ ሀገር ድረስ ሱቅ ከፈተች። በረባሶን የሚንቅ ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ጥራቱ ከሠሪ ሠሪ ይለያያል፣ ይህ እውነት ነው። ስትገዙ የተቆረጠውን ጠርዝ እዩ፦ እውነተኛ ቆዳ ክር ክር ይላል፣ ሲንቴቲክ ከሥሩ ጨርቅ ይታያል። ሲታጠፍ ቆዳ ያልተስተካከሉ ስስ መስመሮች ያሳያል። ሶሉ በማስቲሽ ብቻ ከተያዘው ይልቅ በክርም የተሰፋው ለክረምት ይመረጣል።

«ቦርሳና ጫማ አንድ ቀለም መሆን አለባቸው፣ ወርቅና ብርም አይቀላቀሉም»

ሁለቱም የቆዩ ደንቦች ናቸው፣ ዛሬ የሚያስገድዳችሁ የለም። አንድ ቀለም ሁለት ቦታ ላይ ብቅ ካለ አለባበሱ ይያያዛል። ቡናማ ጫማ ካደረጋችሁ ቀበቶው ወይም የሰዓቱ ማሰሪያ ቡናማ ይሁን፣ ቦርሳው እንደ ልቡ ይሁን። የብር መስቀል ያንጠለጠለች ሴት የወርቅ ቀለበቷን የምታወልቅበት ምክንያት የለም።

ስለ ጥቁርም ልጨምር። «ጥቁር ሁሉን ይሸፍናል» ይባላል። በበጋ አቧራ ግን ጥቁር ጫማና ጥቁር ሱሪ ሁሉን ያሳያሉ። ለዳር ከተማ መንገድ ቡናማ፣ አመድማና የአፈር ቀለም ይሻላል።

ቦርሳን በተመለከተ ከቀለሙ ይልቅ ማንገቻው ይበልጥብኛል። በደረት ላይ ተሻግሮ የሚንጠለጠልና ዚፑ ወደ ሰውነት የሚዞር ቦርሳ፣ በሃይገር ግፊያ ውስጥ ሁለት እጃችሁን ነፃ ያደርጋል፣ ሌባንም ያርቃል።

«ጆሮዬ ወርቅ ካልሆነ አይቀበልም»

ጆሮ የዋጋ ምርጫ የለውም። ብዙ ጊዜ የሚያሳክከውና የሚያቆስለው በርካሽ ጌጦች ውስጥ የሚደባለቅ ኒኬል የሚባል ብረት ነው። ላብ ኒኬሉን እያሟሟ ቆዳ ውስጥ ያስገባዋል። አንዴ የጀመረ አለርጂ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል። ወርቅ ቅብ ጉትቻ መጀመሪያ ላይ ደህና ሆኖ ከወራት በኋላ የሚያሳክከውም ቅቡ ሲፋቅ ኒኬሉ ስለሚወጣ ነው።

ወርቅ መግዛት ግዴታ አይደለም። 925 የተጻፈበት ብር፣ ጥሩ የማይዝግ ብረት ወይም ቲታኒየም ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። የምትወዱት አርቴፊሻል ጉትቻ ካለ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ዘንግ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቀቡት። ለጥቂት ጊዜ ይከላከላል፣ ሲፋቅ ይደገማል። ጆሮው ከቆሰለ ግን አውልቁና ይዳን።

«መነጽር በጠቆረ ቁጥር ከፀሐይ ይከላከላል»

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጎጂው የፀሐይ ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ብቻ ፀሐዩ የዋህ አይደለም። መስታወቱ ጠቁሮ ጨረሩን የማያጣራ ከሆነ ደግሞ ጉዳት አለው፤ ጨለማ ስለሚሆን የዓይናችን ብሌን ይሰፋል፣ ጨረሩም በብዛት ይገባል። ጎጂውን ጨረር ያጣራል ለማለት የሚጻፈውን «ዩቪ 400» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ጽሑፍ መለጠፍ ቀላል ስለሆነ መለኪያ መሣሪያ ያለው መነጽር ቤት ወስዳችሁ ብታስለኩት የተሻለ ነው። ቡናማ ወይም ግራጫ፣ ፊትን ሸፈን የሚያደርግ ሰፊ መነጽር ለአቧራውም ይጠቅማል።

«ነጠላ ለቤተ ክርስቲያንና ለበዓል ብቻ ነው»

ከአያት ተነስቶ በጠዋት ለሚወጣ ሰው ከነጠላ የተሻለ ሻርፕ የለም። ሁለት ስስ ድርብ ጥጥ ስለሆነ ብርዱን ይይዛል፣ ሲሞቅ ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ጋቢ አራት ድርብ ነውና ለመንገድ ይከብዳል። ነጠላን በጂንስና በጃኬት ላይ አንገት ዙሪያ ጣል ማድረግ ያምራል። ከጥለቱ ቀለሞች አንዱን ለጉትቻ ወይም ለጫማ ምረጡ፣ ሌላ ጌጥ አያስፈልግም። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ በማሽን ከተሠራው ይልቅ በእጅ የተሸመነውን ብትፈልጉ ዕድሜው ይረዝማል።

አንድ ነገር ግን መጠበቅ አለበት። ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ ፊት አድርጎ መልበስ ነጠላ ማዘቅዘቅ ነው፣ የሐዘን አለባበስ ነው። ለስታይል ብላችሁ ጥለቱን አገጫችሁ ሥር ካደረጋችሁ የጎረቤት እናቶች ደንግጠው «ማን ሞተ?» ይላሉ። ጥለቱ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ይውረድ።

ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይሁን። በረኪና ነጩን ያነጣል እየተባለ ይጨመራል፤ የጥለቱን ቀለም ያጠፋል፣ ፈትሉንም ያሳሳል። ሳትጠመዝዙ ጨመቅ አድርጉና ጥላ ላይ ዘርጉት።