ሃይማኖትና ዝግመተ ለውጥ በድሬዳዋና በሐረር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች

በድሬዳዋና በሐረር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሃይማኖት እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት አይሰጥም፤ ዝግመተ ለውጥ፣ ማለትም ሕያዋን ነገሮች በረጅም ዘመን ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተለወጡ መጡ የሚለው ሳይንሳዊ ማብራሪያ፣ ግን በሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ ትምህርት ውስጥ የራሱ ምዕራፍ አለው። ይህን የወሰኑት ከተሞቹ ሳይሆኑ የፌዴራል ሕግና ብሔራዊው ሥርዓተ ትምህርት ናቸው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖርና አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ያዝዛል። አንቀጽ 27 በበኩሉ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋማት እንዲያቋቁሙ፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው እንዲያሳድጉ መብት ይሰጣል።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ የደነገገ ሲሆን፣ በትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረው ግብረ ገብም የዚያን ዘመን መንፈስ የተከተለ ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓላት ሆኑ፤ ብዙ ሙስሊሞች ለሚኖሩባት ሐረር ይህ ትንሽ ለውጥ አልነበረም። በክፍል ውስጥ ግን የሃይማኖትን ቦታ የማርክሲዝም የፖለቲካ ትምህርት ወሰደው፤ ዝግመተ ለውጥ እምነትን ለማጥቂያ የሚነሳ ትጥቅ ነው የሚለው ጥርጣሬ በከፊል ከዚያ ዘመን የተረፈ ይመስላል።

የሁለቱ ከተሞች የዕለት ኑሮ ከሃይማኖት የሚለይ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ ጁገል 82 መስጊዶች ሲኖሩት፣ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም በዚያው በግንቡ ውስጥ ይገኛል። ልጆች ከመደበኛው ትምህርት በፊት ወይም በኋላ ቁርአን ይቀራሉ፤ ሌሎቹ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው ዳዊት ይደግማሉ፣ ሲያድጉም ሰንበት ትምህርት ቤት ይገባሉ። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ሲባል የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የምሳ ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ይረዝማል። በደንብ ልብሷ ላይ ሻሽ ወይም ሒጃብ ያሰረች ተማሪም በሁለቱ ከተሞች የተለመደች ናት። ገለልተኝነት ማለት ሃይማኖት ከዓይን ይጥፋ ማለት እንዳልሆነ እዚህ ማንም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ስለ ፍጥረት አመጣጥ ሲነሳ የሙስሊሙና የኦርቶዶክሱ ተማሪ አቋም ተቀራራቢ ነው። አንዱ አደም ከጭቃ መፈጠሩን፣ ሌላው አምላክ 22 ሥነ ፍጥረትን በስድስት ቀን መፍጠሩን ተምሮ ይመጣል፤ ሁለቱም የባዮሎጂውን ምዕራፍ የሚያነቡት በዚያ መነጽር ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት አንድ መምህር ዝግመተ ለውጥን በማስተማሩ እንደተከሰሰው ዓይነት የፍርድ ቤት ሙግት ግን በዚህ አካባቢ የተለመደ አይደለም። እዚህ ነገሩ የሚያልቀው በዝምታ ነው፤ ለፈተናው መጽሐፉ የሚለው ይመለሳል፣ እምነቱም በቦታው ይቆያል።

የመማሪያ መጽሐፉ ራሱም ለዚህ መንገድ ጠርጓል። ከአሁኑ በፊት የነበረው የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ መጽሐፍ ስለ ሕይወት አጀማመር ሲዘረዝር የልዩ ፍጥረት አስተምህሮን (ሕይወትን አምላክ ፈጠረ የሚለውን) ከድንገቴ ውልደት (ሕያው ነገር ሕይወት ከሌለው ነገር በድንገት ይወጣል ከሚለው አሮጌ ሐሳብ) እና ከኬሚካዊ አመጣጥ (ሕይወት ቀስ በቀስ ከኬሚካሎች ተገኘ ከሚለው) ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦት ነበር። መጽሐፉ ይህን ያደረገው ለጨዋነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በማስረጃ የሚፈተነውንና በእምነት የሚያዘውን በአንድ ዝርዝር ማሰለፍ ሳይንስንም ሃይማኖትንም የሚጠቅም አይመስልም። በዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይ አለ። በአንደኛ ደረጃ ድሬዳዋ ውስጥ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ፣ ሐረር ውስጥም በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ይማራሉ፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ስለ ፍጥረት ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማው ቤተሰቡ በሚያወራው ቋንቋ ሲሆን፣ የተፈጥሮ ምርጫን፣ ማለትም ለአካባቢያቸው የሚስማሙት ፍጥረታት ይበልጥ እየኖሩና እየተዋለዱ ዝግመተ ለውጥ የሚካሄድበትን መንገድ፣ በጥልቀት የሚያገኘው ገና በሚታገለው ቋንቋ ነው። «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» የሚለው አባባል በመማሪያ ክፍል እየተደጋገመ መጽሐፉ የሚናገረው የሰውና የዝንጀሮ የጋራ ቅድመ አያት ሳይነሳ የሚቀረውም ቢያንስ በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የሚገርመው ማስረጃው ሩቅ አለመሆኑ ነው። ስለ ሰው አመጣጥ ሲነገር ስሟ ቀድሞ የሚጠራው በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃዳር ላይ የተገኘችው፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚገመተው ድንቅነሽ ናት። ይሁንና ከድሬዳዋ በስተ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ርቆ ፖርክ ኤፒክ የተባለው ዋሻ አለ። ዋሻውን በ1929 እ.ኤ.አ. ለጥናት ካስተዋወቁት ሁለት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ካህን ፒየር ቴያር ደ ሻርደን ሲሆን፣ በ1933 እ.ኤ.አ. ቁፋሮውን የመራው ሄንሪ ብሮይም የካቶሊክ ካህን ነበር፤ በዚያ ቁፋሮ የሰው መንጋጋ ስባሪ ተገኘ። ከዋሻው ከወጡት ነገሮች መካከል ከ4,000 የሚበልጡ፣ በድምሩ 40 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝኑ የቀይ ቀለም ማዕድን ቁራጮች ይገኙበታል፤ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች እየፈጩና እየፋቁ ተጠቅመውባቸዋል። ቴያር ዝግመተ ለውጥን ከእምነቱ ጋር ለማስታረቅ ዕድሜውን ሙሉ የደከመ ሰው ነበር፤ በዚህም ምክንያት የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ አለቆች በፓሪስ ከማስተማር አግደውታል። የሃይማኖትና የሳይንስ ጥያቄ በአንድ ሰው ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ለማስረዳት ለአንድ የድሬዳዋ መምህር ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

መምህሩ በሕጉ በሁለት በኩል ታስሯል። በክፍል ውስጥ የራሱን እምነት መስበክ አይፈቀድለትም፤ የተማሪውን እምነት የማቃለል ሥልጣንም የለውም። በተግባር ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም የሚያመልጠው ምዕራፉን በፍጥነት በማለፍ ነው፤ ለዚህም የዓመቱ መጨረሻ መድረሱና የብሔራዊ ፈተናው መቃረብ በቂ ሰበብ ይሆኑታል። ምዕራፉ በደንብ ቢሰጥ እንኳ የሚደርሰው ለሁሉም አይደለም፤ በ11ኛ ክፍል ማኅበራዊ ሳይንስን የመረጠ ተማሪ ባዮሎጂን ስለሚተው፣ ስለ ሰው አመጣጥ የሚያገኘው የታሪክ ትምህርት በጥቂት ገጾች የሚነካውን ብቻ ነው።