«ፋት ኦቨር ሊን» ምንድን ነው? ወፍራም በቀጭን ላይ ማለት አይደለም

የዘይት ቀለም በተነሳ ቁጥር «ፋት ኦቨር ሊን ማለት ወፍራም ቀለም በቀጭን ላይ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም። ሕጉ የሚያወራው ስለ ዘይት ነው፤ «ፋት» ዘይት የበዛበት፣ «ሊን» ዘይት ያነሰበት ማለት ነው፦ በኋላ የሚቀባው እጅ (የቀለም ንብርብር) ከፊተኛው ያላነሰ፣ ቢቻል የበለጠ ዘይት ይኑረው።

የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠጥራል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያውም ክብደቱ ይጨምራል። ዘይት የበዛበት እጅ ቀስ ብሎ ይጠጥራል፣ ግን ይለጠጣል። ዘይት ያነሰበት ቶሎ ይደርቃል፣ ግትርም ነው። ግትሩ ከላይ፣ ለጋው ከታች ከሆነ ሥዕሉ ይሰነጠቃል።

የጭቃ ቤት ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። ምርጊቱ ሳይደርቅ ልስን የተለሰነበት ግድግዳ፣ ምርጊቱ ሲኮማተር ልስኑ ይሰነጠቃል። ልስኑ ወፈረ ቀጠነ ለውጥ የለውም፤ ከሥሩ ያለው ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። ጭዱም አለ፦ ጭድ የሌለው ጭቃ እንደሚረግፍ ሁሉ፣ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛው ፈሳሽ) ከመጠን በላይ የቀጠነ ቀለምም ሲደርቅ በነጭ ጨርቅ ሲጠረግ ዱቄቱ ይነሳል። ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ጭቃ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ውሃውን ያጣል፣ ዘይት ግን ለዓመታት መለወጡን አያቆምም። «ገልብጬ ቀብቼ ምንም አልሆነም» የሚሉ ሰዎች ሥዕላቸው አብዛኛውን ጊዜ ገና የአንድ ዓመት ነው።

በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት ያለውን ቀዩን የዌስት ኮርንዎል ድልድይ እንውሰድ፤ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የተሠራ፣ ባለ ጣሪያ የእንጨት ድልድይ ነው። ውጭ ቆሞ ለሚሥል ሰው ከሁሉ ጨለማው የድልድዩ አፍ ነው። «ወፍራም በቀጭን» ባዩ አይቮሪ ብላክ የሚባለውን ጥቁር ቀለም በአኳራጅ አቅጥኖ አፉን ይሞላና «ቀጭን ስለሆነ ሊን ነው» ይላል። አይቮሪ ብላክ ግን ከቱቦው ሲወጣ ጀምሮ ብዙ ዘይት የሚጠጣ፣ በጣም የሚዘገይ ቀለም ነው። አኳራጁ ተንኖ ሲሄድ የቀለሙና የዘይቱ ምጣኔ እንደነበረ ይቀራል። (መቅጠኑ ለመድረቅ ይረዳል፣ እሱን አልክድም።) ከዚያ በላዩ የግድግዳው ቀይና በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ) ይመጣሉ። አምበር ውስጥ ማንጋኒዝ ስላለ ከሌሎቹ ቀድሞ ይደርቃል። ስንጥቁም የሚጀምረው እዚያው፣ ጨለማውና ቀዩ በሚደራረቡበት የአፉ ጠርዝ ላይ ነው። ጨለማውን ከመጀመሪያው በበርንት አምበርና በጥቂት አልትራማሪን (ጥልቅ ሰማያዊ) መጣል ይሻላል፤ ለዓይንም ከጥቁሩ ይልቅ ጥልቀት አለው።

ሌላው የሚያናድደው ሕጉን በማይሠራበት ቦታ መስበክ ነው። 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ ላይ፣ ብርሃኑ ሳይሸሽ በሁለት ሦስት ሰዓት፣ እርጥብ በእርጥብ የተሠራ ሥዕል እንደ አንድ እጅ አብሮ ይደርቃል። እዚያ ላይ የዘይት ቅደም ተከተል መቁጠር ጊዜ ማባከን ነው። ሕጉ የሚመጣው በሳምንቱ ጣሪያውን ለመጨረስ ሲመለሱ ነው። ጥፍር ቀስ አድርጎ ሲጫነው ካልገባ ይቀጠላል። መካከለኛው እጅ ከቱቦ እንደወጣ፣ የመጨረሻው የብርሃን ነጠብጣብ ደግሞ ጥቂት የተልባ ዘይት ተጨምሮበት፤ ከቀለሙ አንድ አምስተኛ ባይበልጥ። ከበዛ ይጨማደዳል፣ ይቢጫል።

ነጩንም መምረጥ ያስፈልጋል። ቲታኒየም ነጭ ይዘገያል፤ በሱፍ ዘይት የተለወሰው ደግሞ ይብሳል፣ ስለዚህ ለታችኛው እጅ አይሆንም። ዚንክ ነጭ ሲያረጅ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ዘይቱ የቱንም ያህል በትክክል ቢደረደር አያድነውም።

አኳራጅም ከቀለም ቤት ከተቀዳው ይልቅ ለሥዕል የተጣራው ይሻላል። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ራሱን አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ውሃ ያለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል እንጂ ከእንጨት ድልድይ ሥር አይተውም።