ኑሮ ውድነትን በተመለከተ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ቡና ላይም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም ወሬው ስለ ኑሮ ነው። «ከርሞስ እንዴት ልንሆን ነው?» የማይል የለም። ስጋቱ እውነተኛ ነው። አብረውት የሚነገሩ አንዳንድ ነገሮች ግን ልክ አይደሉም፤ ሰውን የማያዋጣ ውሳኔ ያስወስናሉ።

«ግሽበት ቀነሰ ይላሉ፣ ዋጋ ግን አልወረደም። ይዋሻሉ»

ከሁሉም በላይ የሚሰማው ይሄ ነው። በኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት መረጃ፣ በግንቦት 2014 ዓ.ም. ዓመታዊው ግሽበት 37 በመቶ ገደማ ነበር። በሰኔ 2016 ወደ 20 በመቶ ወረደ። የወረደው ግን ዋጋው የሚጨምርበት ፍጥነት ነው እንጂ ዋጋው ራሱ አይደለም። አንድ ዕቃ 100 ብር ነበር እንበል። 37 በመቶ ሲጨምር 137 ብር ይገባል። በቀጣዩ ዓመት ጭማሪው 20 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ ዕቃው 164 ብር ይደርሳል። ግሽበቱ ቀንሷል፣ ኪሳችን ግን አላረፈም። ሁለቱም እውነት ነው።

ስለዚህ «ቁጥሩን ስለማታውቁት ነው» ብሎ የሰውን ምሬት ማጣጣል ያሳዝነኛል። ቁጥሩ የአገር አማካይ ነው። ምግብ በስሌቱ ውስጥ ከግማሽ በላይ ድርሻ ቢኖረውም፣ ገቢዋ ሁሉ ለጤፍ፣ ለዘይትና ለቤት ኪራይ የሚያልቅ እናት የምትኖረው ግሽበት ከአማካዩ ይለያል።

«ጤፍ ከውጭ አይመጣ፣ የዶላር ነገር እኔን ምን አገባኝ?»

ጤፉ አይመጣም። ማዳበሪያውና የጫነው መኪና ነዳጅ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው።

ተቃራኒውም ስህተት አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ሲለቀው፣ «ዶላር እጥፍ ከሆነ ሁሉም ነገር እጥፍ ሊሆን ነው» ተብሎ ነበር። እርግጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ግን ብዙ አስመጪ ድሮም ዋጋ የሚያወጣው በጥቁር ገበያ አስልቶ ነበር። ስለዚህ የብዙ ዕቃ ዋጋ እጥፍ አልሆነም። ጫናው የበረታው ቀድሞ በባንክ ምንዛሪ ይገቡ በነበሩት ላይ ነው። የነዳጁ ጭማሪ ደግሞ ቀስ እያለ ነው የመጣው።

«ደመወዝ ተጨምሮለት የለ፣ ምን ያማርራል?»

በ2017 በተደረገው ጭማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። ከፍተኛው ግን ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ነው የሄደው። አንዱ ከአራት እጥፍ በላይ ሲያገኝ ሌላው 5 በመቶ አገኘ። የግል ድርጅት ሠራተኛውን ደግሞ ጭማሪው አይመለከተውም።

«ዕቁብ ኪሳራ የለውም፤ ያስገባኸውን ታወጣለህ»

በብር ቁጥር አዎ። 12 ሰዎች በወር 5,000 ብር ቢጥሉ እያንዳንዱ 60,000 ብር ይደርሰዋል። ነገር ግን በዓመቱ ዋጋ 15 በመቶ ከጨመረ፣ የመጨረሻው ባለዕጣ በ60,000 ብሩ የሚገዛው መጀመሪያ ላይ 53,000 ብር ገደማ ይበቃው የነበረውን ነው።

ይህን የምለው ዕቁቡን ተዉት ለማለት አይደለም። ብዙ ሰው ያለ ዕቁብ አምስት ሳንቲም አያጠራቅምም፤ ወር በገባ ቁጥር የሚጠብቁህ ሰዎች መኖራቸው ትልቅ ነገር ነው። ባንክም ቢሆን በዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ፣ በ7 በመቶ፣ እንዲህ ያለውን ግሽበት አያካክስም። ስለዚህ ፍሪጅ ወይም የልብስ ስፌት መኪና ለመግዛት ዕቁብ የገባ ሰው፣ ከዳኛውና ከአባላቱ ጋር ተነጋግሮ ዕጣውን ቀደም ብሎ ቢያገኝ ይጠቀማል። ቀድሞ የወጣለትና ገንዘቡ የማያስቸኩለው አባል ካለ መለዋወጥ ይቻላል። ይህን ደግሞ የመጀመሪያው ዕጣ ሳይወጣ መጠየቅ ነው።