የጡት ልየታ ምንድን ነው?

ልየታ ማለት ምንም ያልተሰማትን፣ ጤነኛ ነኝ የምትለዋን ሴት መመርመር ነው። እብጠት አግኝታ የመጣችውን ማየት ሌላ ነው። የጡት ነቀርሳ ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም፤ ላላመመው ነገር ደግሞ ጤና ጣቢያ ድረስ ማን ይደክማል? ጎጃም ገጠር ውስጥ «ብርድ ነው» ተብላ፣ ጠበሉም ተሞክሮ፣ ቆዳው ሲቆስል የምትመጣው ለዚህ ነው።

ማሞግራፊ፣ ማለትም ጡትን በራጅ የሚያሳየው፣ የትልቅ ከተማ መሣሪያ ስለሆነ ጤና ጣቢያ ላይ ሥራው በእጅ ነው። ሴትዮዋ መጀመሪያ ተቀምጣ ትታያለች፦ የተሰረጎደ ቆዳ፣ ወደ ውስጥ የገባ ጫፍ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሆነ ቦታ አለ ወይ? ከዚያ በጀርባዋ ተኝታ እጇን ወደ ራስጌ ትዘረጋለች። መርማሪዋ በሦስቱ መካከለኛ ጣቶች፣ በጥፍሩ በኩል ሳይሆን በለስላሳው፣ ከአንገት አጥንት እስከ ጡቱ ሥር ትልም በትልም ትዳስሳለች፤ መጀመሪያ በስሱ፣ ቀጥሎ መካከለኛ፣ ከዚያ ጠበቅ አድርጋ። ብብት አይዘለልም። የወር አበባ የምታይ ከሆነ ከጀመራት ሳምንት ገደማ በኋላ ይመረጣል፤ ከዚያ በፊት ጡቱ ስለሚጓጉል ያሳስታል። የምታጠባዋን «ወተት ቋጥሮ ነው» ብሎ መሸኘት ይቀናናል፤ ታክማ በሁለት ሳምንት ካልሟሸሸ ግን ሪፈር ይጻፍላት።

የተለመደው ስሕተት ልየታውን ከሕፃናት ክትባት ቀን ጋር ማዳበል ነው። የሚገኙት የሚያጠቡት ብቻ ናቸው፤ መውለድ ያቆሙት፣ ስጋቱ ከዕድሜ ጋር የሚጨምርባቸው፣ ክትባት ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ? እነሱን ለማግኘት በ12 ሚካኤል ወይም በ21 ማርያም ከቅዳሴ በኋላ፣ አለዚያም በገበያ ቀን ነው። አዊ ውስጥ አማርኛ የማይቀናቸውን እናቶች በአዊኛ የምታናግር ሴት ታስፈልጋለች። የልጅ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይሆንም፤ እናትየዋ አፍራ ዝም ትላለች።

እብጠት ሲገኝ አብዛኛው ነቀርሳ እንዳልሆነ እዚያው ይነገራት፤ አለዚያ ፈርታ ትቀራለች። የዓለም ጤና ድርጅት ግብ ሴትዮዋ ከቀረበችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲያልቅ ነው። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ስትላክ የመኪናው፣ የማደሪያው፣ አብሮ የሚሄደው ሰው ነገር አስቀድሞ ይታሰብ። በመርፌ የተወሰደው ናሙና ውጤት ቀናት ይፈጃል፤ እሷ አገሯ ትገባለች፣ ወረቀቱ ሆስፒታል ይቀራል። ስልክ ከሌላት የጎረቤት ይመዝገብ፣ በሁለተኛው ሳምንትም ይደወል። ሪፖርት ላይ የሚቆጠረው «የተመረመሩ» ቁጥር ነው፤ እኛ ቀድመን የምናየው ግን መዝገቡ ላይ «ውጤት» የሚለው ዓምድ ስንት ቦታ ባዶ እንደሆነ ነው።