ሪስፖንሲቭ ዲዛይን ምንድን ነው? ማሳነስም፣ መደበቅም አይደለም

«ድረ ገጻችን ሪስፖንሲቭ ነው፤ ስልክ ላይ ልክክ ብሎ ይገባል» የሚል አስተያየት ሰጪ በየቦታው አለ። ልክክ ብሎ መግባት ግን መለኪያ አይደለም። በ2007 የመጀመሪያው አይፎን ሲወጣም ለስልክ ያልታሰበ ገጽ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ልክክ ብሎ ይገባ ነበር። ብሮውዘሩ 980 ፒክስል ስፋት ያለው መስሎ ገጹን ያሰናዳና አሳንሶ ያሳየዋል። በዚህ መንገድ በ16 ፒክስል የተጻፈ ጽሑፍ 360 ፒክስል ስፋት ባለው ስልክ ላይ ሲታይ ወደ 6 ፒክስል ይወርዳል። ገብቷል፣ ግን አይነበብም። ቪውፖርት የሚባለው ሜታ ታግ፣ ማለትም ገጹ በምን ስፋት እንደሚሰናዳ ለብሮውዘሩ የሚነግረው የኤችቲኤምኤል መስመር፣ የመጣው ይህን ማሳነስ ለማስቀረት ነው። ስፋቱ ከመሣሪያው ስፋት ጋር እኩል፣ የመነሻው ስኬል ደግሞ 1 ይሆናል። ይህ አንድ መስመር ከተረሳ ከሥሩ የተጻፈው ሚዲያ ኩዌሪ (እንደ ስፋቱ አቀማመጡን የሚቀይር ደንብ) ሁሉ 980ን እያነበበ ይኖራል።

ሪስፖንሲቭ ዲዛይን ማለት ሰነዱ አንድ፣ አድራሻው አንድ፣ ይዘቱም አንድ ሆኖ ሳለ አቀማመጡ ብቻ እንደሚታይበት ቦታ የሚለዋወጥበት አሠራር ነው። የድረ ገጽ ዲዛይነሩ ኢታን ማርኮት በ2010 ስሙን ሲያወጣለት ያያያዛቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ በመቶኛ የሚለካ ግሪድ፣ ከያዛቸው ሳጥን የማይወጡ ምስሎች፣ ሚዲያ ኩዌሪ። እነዚህን ማንኛውም መማሪያ ያስረዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ስሙን ይዞ የሚሠራው ሌላ ሥራ፣ ማለትም መደበቅ ነው።

«ለስልክ የማይሆነውን በዲስፕሌይ ነን እናጠፋዋለን» ይባላል። ዲስፕሌይ ነን አንድን ነገር ከእይታ የሚሰውር የሲኤስኤስ፣ ማለትም የገጽን መልክ የሚወስነው ቋንቋ፣ ትእዛዝ ነው። ከሰፊ ቤት ወደ አንዲት ክፍል የሚዛወር ሰው እናስብ። ዕቃውን በሙሉ አስጭኖ ደጃፍ ካደረሰ በኋላ ሶፋውንና ቁም ሣጥኑን «አይገቡም» ብሎ ውጭ ቢተዋቸው ክፍሏ ጽድት ብላ ትታያለች፤ የጭነቱ ሒሳብ ግን ተከፍሏል። በድረ ገጽ ደግሞ ሒሳቡን የሚከፍለው ባለ ዳታው ጎብኚ ነው። በዲስፕሌይ ነን የተሰወረ የኢሜጅ ታግ በተለመደው አሠራር ከነክብደቱ ይወርዳል። የተደበቀው ስላይድ ጃቫስክሪፕትም ይወርዳል፣ ይነበባል፣ ይሠራል፤ ያውም ከኮምፒውተር በደከመ ፕሮሰሰር ላይ። በሲኤስኤስ የተቀመጠ የጀርባ ምስል ግን ወላጅ ሳጥኑ ከተደበቀ አብዛኛውን ጊዜ አይወርድም። ስለዚህ ሁሉም መደበቅ እኩል አይደለም።

መፍትሔው ዕቃው ከመጫኑ በፊት ልኩን መናገር ነው። ለምስል ይህን የሚሠሩት ሶርስሴትና ሳይዝስ የተባሉት አትሪቢዩቶች ናቸው። የምስሉን 480፣ 800፣ 1200 እና 1600 ፒክስል ቅጂዎች አዘጋጅቶ የትኛው እንደሚወርድ ብሮውዘሩ እንዲመርጥ መተው ነው። ሶርስሴት ቅጂዎቹን ይዘረዝራል፤ ሳይዝስ ምስሉ የሚይዘውን ስፋት ይናገራል። 800 ፒክስል ለሚበቃው ቦታ 2400 ፒክስል መላክ ሦስት እጥፍ ይመስላል። ስፋትም ቁመትም ስለሚያድጉ ግን የፒክስሉ ብዛት 9 እጥፍ ነው። እዚህ ላይ የሚዘወተረው ስህተት ሶርስሴትን ጽፎ ሳይዝስን መርሳት ነው። ያኔ ብሮውዘሩ ምስሉ የስክሪኑን ሙሉ ስፋት የሚይዝ ይመስለዋል፤ ሩብ ስፋት ለሚይዝ ምስል እንኳ ትልቁን ያወርዳል። የምስሉን ስፋትና ቁመት በኤችቲኤምኤሉ ላይ መጻፍም አይረሳ። ካልተጻፈ ቦታው ቀድሞ ስለማይያዝ ምስሉ ሲደርስ ጽሑፉ ይዘልላል፣ አንባቢውም ያላሰበውን ሊንክ ይነካል።

ዕቃውን ከነጭራሹ የማያመጡም አሉ። «ስልክ የያዘ ሰው ቸኩሏል፤ ለእሱ አጠር ያለው ይበቃዋል» ይላሉ። ይህን የሚል ሰው ስልክ ብቸኛ ኮምፒውተሩ የሆነውን ሰው አላሰበም። የውል ዝርዝር፣ የዕቃ መመለሻ ደንብ፣ የመድኃኒት ማስጠንቀቂያ በስልክም ይፈለጋል። ጉግልም ገጾችን የሚመዘግበው በዋናነት ስልክ ላይ የሚታየውን ይዘት አንብቦ ነው። ስለዚህ ከስልኩ ገጽ የተቆረጠ አንቀጽ በኮምፒውተር ለሚፈልግ ሰውም ላይገኝ ይችላል። በማጠፊያ ውስጥ ያለ፣ ሲነካ የሚከፈት ጽሑፍ ችግር የለበትም፤ ሰነዱ ውስጥ አለና። አንድ ነገር ስልክ ላይ በእውነት ካላስፈለገ ደግሞ ትልቁ ስክሪን ላይስ ለምን ተቀመጠ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ዕቃ የሚያዛውረው ሰው የክፍሏን ስፋት አስቀድሞ ይለካል፤ ድረ ገጽ ሠሪ ግን አያውቀውም። ስለዚህ የስልክ ሞዴሎችን ዝርዝር ይዞ ለእያንዳንዱ ብሬክፖይንት (አቀማመጡ የሚቀየርበት ስፋት) መጻፍ ከንቱ ድካም ነው። ከጠባቡ ጀምሮ እያሰፉ መሄድና ይዘቱ የሚበላሽበት ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ የጽሑፉ መስመር ከልክ በላይ ሲረዝም፣ አንድ ብሬክፖይንት ማስቀመጥ ይሻላል። ዝቅተኛው መነሻ 320 ፒክስል ነው። የተደራሽነት መመሪያው ደብልዩካግ 2.1 ይዘቱ በዚህ ስፋት ወደ ጎን ሳይንሸራተት እንዲነበብ ይጠይቃል። ይህ ልክ በ1280 ፒክስል ስክሪን ላይ 400 በመቶ አጉልቶ የሚያነብ ሰው የሚያገኘው ስፋት ስለሆነ ጉዳዩ የስልክ ብቻ አይደለም። «የእኔ ስልክ 1080 ፒክስል ነው» የሚል መልስ እዚህ አይሠራም። ያ የስክሪኑ ነጥቦች ቁጥር ነው። አንድ የሲኤስኤስ ፒክስል በአንድ ጎን ስንት ነጥብ እንደሚይዝ የሚናገረው ሬሾ 3 ከሆነ ለሲኤስኤስ የሚደርሰው 360 ነው።

«የብሮውዘሩን መስኮት አጥብቤ አይቻለሁ፣ ይሠራል» የሚለውም አያሳምንም። የጠበበ መስኮት ጣት የለውም፣ ከታች ብቅ የሚል ኪቦርድ የለውም፣ የደከመ ኔትወርክም የለውም። ማውዝ ሲያርፍበት የሚከፈት ሜኑ ስልክ ላይ የሚከፍተው ሊያጣ ይችላል። ቁመቱ 100 ቪኤች (የሚታየው ቦታ ሙሉ ቁመት) የተደረገ ገጽ የአድራሻው መስመር በሚታይበት ጊዜ ከስክሪኑ ይረዝማል፤ ከግርጌ የተቀመጠው «ላክ» ቁልፍም ከእይታ ይወጣል። ለዚህ የአድራሻው መስመር ሲታይና ሲሰወር አብሮ የሚለዋወጥ ዲቪኤች የሚባል መለኪያ አለ። የሚነካ ቁልፍን በተመለከተ ደብልዩካግ 2.2 ዝቅተኛውን 24 በ24 ፒክስል ያደርገዋል፣ አፕል 44 ነጥብ ይመክራል። 24 ወለል ነው፤ ዋና ዋና ቁልፎችን ወደ 44 ማስጠጋት ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው ዙም መከልከል ነው። ታሪኩ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ የቅጹ መጻፊያ ፊደል ከ16 ፒክስል ያንሳል፣ መጻፊያው ሲነካ አይፎን ገጹን ያጎላዋል፣ ሠሪው በዚህ ተበሳጭቶ ቪውፖርቱ ላይ ማጉላትን ይዘጋል። ከአይኦኤስ 10 ጀምሮ ሳፋሪ ይህን ክልከላ አይቀበልም፤ የሚያከብሩት ብሮውዘሮች ግን አሉ፣ እዚያም ዓይኑ የደከመ ሰው ማንበብ ይሳነዋል። የፊደሉን መጠን 16 ማድረግ ብቻ በቂ ነበር። በዚያው ለስልክ ቁጥር የቁጥር ኪቦርድ እንዲመጣ የኢንፑቱን ዓይነት ማስተካከል ነው።

ገጹ ወደ ጎን የሚንሸራተት ከሆነ አመሉ ከሳጥን የወጣውን በሚቆርጠው ትእዛዝ፣ በኦቨርፍሎው ሂደን፣ አይሸፈን፤ የተቆረጠው ይዘት ጠፍቶ ይቀራልና። ለሁሉም ኤለመንት ጊዜያዊ አውትላይን (የዙሪያ መስመር) ሰጥቶ የትኛው ሳጥን እንደወጣ ማየት ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው በፒክስል የተወሰነ ስፋት፣ ክፍተት የሌለው ረጅም ሊንክ፣ ወይም ሳጥኖችን ጎን ለጎን በሚደረድረው ፍሌክስ ውስጥ ያለ ልጅ ኤለመንት ነው። የመጨረሻው ከይዘቱ በታች መጥበብ እምቢ የሚለው ሚን ዊድዝ (ዝቅተኛው ስፋት) በነባሪ አውቶ ስለሆነ ነው፤ 0 ሲደረግ ይታዘዛል።

ሠንጠረዥ ግን የተለየ ነው። ደብልዩካግም ሁለት አቅጣጫ የሚፈልገውን ይዘት፣ ሠንጠረዥንና ካርታን፣ ከ320ው ደንብ ነጻ ያደርገዋል። ሰፊ ሠንጠረዥን የራሱ ሳጥን ውስጥ ማስገባትና ገጹ ሳይሆን ሳጥኑ ብቻ ወደ ጎን እንዲንሸራተት ማድረግ፣ የመጀመሪያውን ዓምድ ስቲኪ (ሲንሸራተት ከቦታው የማይነቃነቅ) ማድረግ፣ ሳጥኑም በኪቦርድ እንዲደረስበት ታብኢንዴክስ 0 መስጠት ይበቃል። እያንዳንዱን ረድፍ ወደ ካርድ የሚቀይረው ዘዴ የሚሆነው አንባቢው ረድፎችን ለየብቻ ሲያነብ ነው። ዓምዶችን ለማነጻጸር የመጣ ሰው ማነጻጸሪያውን ያጣል፤ ዲስፕሌዩ ወደ ብሎክ ሲቀየር ደግሞ ገጹን በድምፅ የሚያነቡት ስክሪን ሪደሮች ሠንጠረዥነቱን ሊስቱት ይችላሉ።