አኔሞኒ ከመግዛታችሁ በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቤቱ ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም ያለው ሰው ውሎ አድሮ አኔሞኒ፣ ማለትም አበባ የሚመስለውን የባሕር ፍጥረት፣ መመኘቱ አይቀርም። ባለ ነጭ መስመሯ ትንሽ ዓሣ፣ ክላውንፊሿ፣ በአኔሞኒው እጆች መሃል ስትሹለከለክ ማየት በእርግጥም ያምራል። የሚያሳዝነው ግን ብዙ አኔሞኒ በሰሚ ሰሚ ምክር እየተገዛ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሞቱ ነው። ዕድሜው አጭር ሆኖ አይደለም። በእ.ኤ.አ. 1828 ስኮትላንድ ውስጥ ከባሕር የተወሰደች፣ «አያት» የሚል ስም የወጣላት አኔሞኒ እስከ 1887 ኖራለች። ያገኛት ሰው ሲሞት እንኳ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈች ቆይታለች።

«አኔሞኒ የባሕር ተክል ነው»

እንስሳ ነው፤ የኮራልና የጄሊፊሽ ዘመድ። አፍ አለው፣ ይናደፋል፣ አድኖ ይበላል። ሰውነቱ ውስጥ ግን አልጌ የሚባሉ፣ እንደ ተክል በብርሃን የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ይኖራሉ። እነሱ በብርሃን ምግብ ሠርተው ያካፍሉታል። ስለዚህ ለኮራል የሚሆን ጠንካራ መብራት ያስፈልገዋል። በተጨማሪም በሳምንት አንድ ሁለቴ ትንሽ የሽሪምፕ ቁራሽ ይሰጠው።

«ክላውንፊሽ ያለ አኔሞኒ አትኖርም»

ባሕር ውስጥ አዎ፣ አዳኝ ስላለ መጠለያ የግድ ነው። አኳሪየም ውስጥ ግን ማን ይበላታል? ዛሬ ከሚሸጡት ብዙዎቹ አኳሪየም ውስጥ የተፈለፈሉ ናቸው፤ አኔሞኒ አይተውም አያውቁ። ለዓሣዋ ብላችሁ አትግዙ። አኔሞኒውን ራሱን ከወደዳችሁት ግዙ።

«የትኛውም አኔሞኒ ለየትኛዋም ክላውንፊሽ ይሆናል»

ብዙ ገንዘብም ብዙ ሕይወትም የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ከ1,000 በላይ የአኔሞኒ ዝርያ አለ። ክላውንፊሽ በተፈጥሮ የምትጠለልባቸው ግን 10 ገደማ ብቻ ናቸው። በየሱቁ የምናያት ባለ ሦስት ነጭ መስመሯ ኦሴላሪስ ባሕር ውስጥ የምትመርጠው ማግኒፊካ የሚባለውን አኔሞኒ እና ካርፔት የሚባሉትን ትልልቅ አኔሞኒዎች ነው። ማግኒፊካ እስከ 1 ሜትር ይሰፋል፤ ብርቱ ብርሃንና ብርቱ የውሃ እንቅስቃሴ ካላገኘ ይሞታል። ካርፔት ደግሞ ንድፊያው ኃይለኛ ነው፤ ሌሎች ዓሣዎቻችሁን ይዞ ሊውጥ ይችላል። ሁለቱንም ለጀማሪ አልመክርም። ከካሪቢያን የሚመጣው ኮንዲ የሚባል አኔሞኒ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በአትላንቲክ ክላውንፊሽ የሚባል የለም፣ ስለዚህ ዓሣዋ ላትቀርበው ትችላለች።

ለቤት የሚሻለው ባብል ቲፕ የሚባለው አኔሞኒ ነው። የእጆቹ ጫፍ እንደ ትንሽ ፊኛ ያብጣል። ብዙውን ጊዜ ከ30 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም፣ ከሌሎቹም ይልቅ የባለቤቱን ስህተት ይቋቋማል። ኦሴላሪስም ብዙ ጊዜ ትለምደዋለች። ቀይ ባሕር ውስጥ ደግሞ ባለ ሁለት መስመሯ የአካባቢው ክላውንፊሽ እዚሁ ዝርያ ላይ ትኖራለች፤ እስራኤል ውስጥ ኤላት ላይ ጠልቆ የዋኘ ሰው አይቷት ይሆናል። ሌላም ጥቅም አለው፦ ራሱን ለሁለት ከፍሎ ይራባል። ስለዚህ ከባሕር ከተነቀለ ይልቅ ሌላ ሰው አኳሪየም ውስጥ የተከፈለውን ፈልጉ። የአኳሪየም ኑሮ ለምዷል፣ ባሕር ውስጥ ያለው የኮራል ድንጋይ (ሪፍ)ም አይጎዳም።

«ነጭ አኔሞኒ ብርቅ ነው»

ብርቅ ሳይሆን ታማሚ ነው። ሙልጭ ብሎ የነጣ አኔሞኒ አልጌዎቹን አጥቷል፤ ማለትም ዋናው የምግብ ምንጩ ተቋርጧል። ደማቅ ቢጫ የሆነ ካያችሁም ተጠራጠሩ፤ ቀለም የተነከረ ሊሆን ይችላል።

ሱቅ ውስጥ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። አፉ ገጥሟል ወይስ ተበርግዷል? እግሩ፣ ማለትም የሚጣበቅበት የታች ክፍሉ፣ መስታወቱን ወይም ድንጋዩን አጥብቆ ይዟል? ሻጩ ሲነካው እጆቹ ይጣበቃሉ? እግሩ ላይ ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ካለ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት። ሻጩ ፊታችሁ ቢመግበው ደግሞ ከሁሉም የተሻለ ነው።

«ውሃው ከተስተካከለ አዲስ አኳሪየም ይበቃዋል»

ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ዜሮ መሆናቸው የግድ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። አኔሞኒ መዋዠቅን አይችልም። ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ፣ የጨው መጠኑ (በስፔሲፊክ ግራቪቲ መለኪያ) 1.025 አካባቢ ሆኖ ለወራት ሳይናወጥ መቆየት አለበት። አኳሪየማችሁ ቢያንስ ስድስት ወር ይሙላው፤ ዓመት ቢሆን ደግሞ እሰየው። ትንሽ አኳሪየም ቶሎ ይለዋወጣል፤ እኔ ከ150 ሊትር በታች አልመክርም።

«ያስቀመጥንበት ቦታ ይቆያል»

ይሄዳል። ብርሃኑ ወይም የውሃው እንቅስቃሴ ካልተመቸው በእግሩ እየተንሸራተተ ቦታ ይቀይራል፤ በመንገዱ ያገኘውን ኮራል ይናደፋል። ፓምፕ ውስጥ ከገባ ይበጣጠሳል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የፓምፑን መሳቢያ በስፖንጅ ወይም በወንፊት ሸፍኑ፣ ኮራሎቹንም አራርቁ። ከተለጠፈበት በጉልበት አታላቅቁት፤ እግሩ ይቀደዳል።

ለጥቂት ሰዓታት ሙሽሽ ቢል አትደንግጡ፤ ቆሻሻ እያስወጣ ይሆናል። አፉ ተገልብጦ፣ ሰውነቱ እየሟሟ ከሸተተ ግን ሞቷል። በዚያው ሰዓት አውጡት፤ ካደረ ውሃውን መርዞ ዓሣዎቹን ሊጨርስ ይችላል።